ምስጢሩ ባዶ ነው፤ መሐላው ግን ያስራል

«ኢሉሚናቲ አለ ወይስ የለም?» የሚለው ክርክር ማለቂያ የለውም። ካፌ ውስጥ ሦስት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ አንዱ ማንሳቱ አይቀርም። አንደኛው የሆነ ዘፋኝ በጣቱ የሠራውን ምልክት ያሳያል፤ ሁለተኛው የአንድ ዶላር ኖት ላይ ያለውን ፒራሚድ በስልኩ አጉልቶ ያቀርባል፤ ሦስተኛው «ተዉን እስቲ፣ የሥራ ፈት ወሬ ነው» ይላል። ማኪያቶው ይቀዘቅዛል፤ ክርክሩ ሳይቋጭ ሂሳብ ይከፈላል።

እኔ ደግሞ ጥያቄው ራሱ ተሳስቷል ባይ ነኝ። ህቡዕ ማኅበራት በምዕራቡ ዓለም ነበሩ፤ ዛሬም አሉ። ካባ ለብሰው፣ ሰይፍና ጽዋ ይዘው፣ በዕጣንና በሻማ መሀል የመላእክትን ስም እየጠሩ «አስማት እንሠራለን» ያሉ የተማሩ ሰዎች ነበሩ። ደብዳቤያቸውና የሥርዓት መጽሐፋቸው ሳይቀር ታትሞ ይነበባል። ስለዚህ የሚሻለው ጥያቄ ይሄ ነው፦ አንድ ሰው «እኔ ዘንድ ምስጢር አለ፤ ግን መጀመሪያ ማል» ሲላችሁ፣ መሐላው የሚጠብቀው ማንን ነው? ዕውቀቱን ወይስ ሰውየውን?

መልሴን ሳላንዛዛ ልናገር። ሰውየውን ነው። አባላት አለቃቸውን እንዳይጠይቁ የሚያደርግ ምስጢር የዕውቀት ካዝና አይደለም፤ ሳይጠየቁ መግዣ መሣሪያ ነው። አስማት ይሠራል አይሠራም የሚለውን ለጊዜው እንተወው። «ይሠራል» የሚል አንባቢም ቢሆን የሚከተለውን ታሪክ አንብቦ ከእኔ ጋር የሚስማማ ይመስለኛል። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ከጀርመን የመጣው ደብዳቤ

ምስክር አድርጌ የማቀርበው ማኅበር «ጎልደን ዶን» ይባላል፤ ወርቃማው ንጋት እንደማለት ነው። በ1888 ሎንዶን ውስጥ ተመሠረተ። ዛሬ በምዕራቡ ዓለም «የሥርዓት አስማት» ተብሎ የሚሸጠው ነገር፣ ከታሮት ካርታ ትርጓሜው እስከ ክቡን ስሎ መላእክትን መጥራቱ፣ አብዛኛው በዚህ ማኅበር እጅ ያለፈ ነው። መሥራቾቹ ሦስት ፍሪሜሶኖች ናቸው። አንደኛው ዊልያም ዊን ዌስትኮት፣ በድንገት የሞቱ ሰዎችን አሟሟት የሚመረምር የመንግሥት ሐኪም ነበር። ሁለተኛው ሳሙኤል ማተርስ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ፣ ዕድሜውን በብሪቲሽ ሙዚየም የንባብ አዳራሽ የሚገፋ ሰው ነው። ሦስተኛው ዊልያም ሮበርት ውድማን ብዙም ሳይቆይ በ1891 ሞቷል።

ማኅበር ለማቋቋም ሦስት ሰው በቂ ነው። ጥንታዊ ማኅበር ለማቋቋም ግን ሦስት ሰው አይበቃም፤ የዘር ሐረግ ያስፈልጋል። ዌስትኮት ሐረጉን አመጣ። በምስጢር ፊደል የተጻፉ አሮጌ ወረቀቶች እጄ ገቡ አለ። ፊደሉ በ1518 በታተመ የትሪቴሚየስ መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ ስለነበር መፍታቱ አላስቸገረም። ሲፈታ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ሆኖ ተገኘ! ከወረቀቶቹ ጋር የአንዲት ጀርመናዊት አድራሻ ነበር ተባለ፤ አና ሽፕሬንገል ትባላለች፣ የከፍተኛ ማዕረግ ባለቤት ናት። ዌስትኮት ጻፈላት፤ እሷም መለሰችለት፤ በእንግሊዝ ማኅበሩን እንዲከፍት ፈቀደችለት። በ1890 ደግሞ ሽፕሬንገል ሞተች፣ ከጀርመን ሌላ እርዳታ አትጠብቁ የሚል ደብዳቤ መጣ ተባለ። ሥራዋን ጨርሳ ተሰናበተች ማለት ነው።

አበው «ጅብ ከማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ» ይላሉ። የሎንዶኑ ጅብ ብልጥ ነበር፤ ማንም ሄዶ የማያጣራው አገር ያለች ሴት «ቁርበት አንጥፉለት» ብላ እንድትጽፍለት አደረገ። በ1972 የታሪክ ጸሐፊው ኤሊክ ሃው ደብዳቤዎቹን አስመርምሮ በመጽሐፉ እንዳሳየው፣ ጀርመንኛው የእንግሊዝኛ ጣዕም ያለው፣ ጀርመንኛ አፍ መፍቻው ያልሆነ ሰው የጻፈው ነው። በእኛ ሰፈር ቋንቋ፦ ፎርጅድ።

እንግዲህ ልብ በሉ። በዚህ ፎርጅድ ወረቀት ላይ በስምንት ዓመት ውስጥ ከ300 በላይ ሰዎች ማሉ። መሃይማን አልነበሩም። ገጣሚው ዊልያም በትለር ዬትስ ነበረበት፤ ተዋናይቷ ፍሎረንስ ፋር ነበረችበት። የተማረ ሰው አይታለልም ያለን ማነው?

መጋረጃው ሲገለጥ

እሺ፣ ደብዳቤው ፎርጅድ ይሁን። ምስጢሩስ? አሌይስተር ክራውሊ በ1898 ወደ ማኅበሩ ሲገባ አስፈሪ መሐላ ማለ። መሐላው ምስጢር ያወጣ ሰው በመብረቅ እንደተመታ ሞቶ ወይም ሽባ ሆኖ እንዲወድቅ የሚያደርግ የፈቃድ ኃይል ይላክበታል ይላል። ከዚያ ምን ተሰጠው? የዕብራይስጥ ፊደል፣ የፕላኔቶች ስምና የመሳሰለው። ክራውሊ ራሱ ይህን በኋላ እየሳቀ ጽፎታል። የዕብራይስጥ ፊደል ሰዋስው መጽሐፍ ላይ ነበር፤ ሕፃናት ምኩራብ ውስጥ ይማሩት ነበር።

የተቀረውም ያው ነው። ማተርስ «የሰሎሞን ቁልፍ» የተባለውን የአስማት መጽሐፍ ያዘጋጀው ከብሪቲሽ ሙዚየም ብራናዎች ነው፤ በ1889 ደግሞ ራሱ አሳትሞ በአደባባይ ሸጦታል።

እኛን በቀጥታ የሚነካ አንድ ምሳሌ ልጨምር። ማኅበሩ ላይኛው ማዕረግ ለደረሱት ብቻ በዝርዝር ከሚያስተምራቸው ነገሮች ዋነኛው «የሄኖክ አስማት» ነው። ምንጩ የንግሥት ኤልሳቤጥ ዘመን ሊቅ ጆን ዲ ነው። ዲ ከ1582 ጀምሮ ኤድዋርድ ኬሊ ከተባለ ሰው ጋር ከመላእክት ጋር እንነጋገራለን አለ። ዘዴው እንዲህ ነው፤ ኬሊ መስታወት ድንጋይ ውስጥ ያያል፣ ዲ ይጽፋል። የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። በ1587 ቦሄሚያ ሳሉ በኬሊ በኩል «ሚስቶቻችሁን ተጋሩ» የሚል የመልአክ ትእዛዝ መጣ፤ ዲ እየከበደውም ቢሆን ተቀበለ፤ ሚስቱም ፈረመች። ብቻውን የሚያይ ሰው ያየውን ማን ይጠይቀዋል?

አስቂኙ ነገር ሌላ ነው። ይህ ሁሉ በሄኖክ ስም ሲሆን መጽሐፈ ሄኖክ ራሱ አውሮፓ ውስጥ አልነበረም፤ ከጥቂት ቁርጥራጮች በቀር ጠፍቶ ነበር። ሙሉው መጽሐፍ በግዕዝ እኛ ዘንድ ነበር። ያውም ቅዱስ መጽሐፍ ተብሎ፣ ደብተራው የሚያነበው፣ ቆሎ ተማሪው የሚሰማው ገሃድ መጽሐፍ ሆኖ። ጄምስ ብሩስ በ1773 ሦስት ቅጂ ይዞ አውሮፓ ገባ፤ ሪቻርድ ሎረንስ በ1821 በእንግሊዝኛ አሳተመው። የዲ መላእክት ከግዕዙ ሄኖክ የተቀዱ አይደሉም፤ ስሙን ነው የተጋሩት። ነገር ግን ትምህርቱን ተመልከቱ። እዚህ ሄኖክን ማንበብ ለፈለገ የሚጠየቀው ግዕዝ መማር ነው። እዚያ ደግሞ በሄኖክ ስም የቆመውን ለማየት የሚጠየቀው መማል ነው። የዲ ማስታወሻ ከፊሉ በ1659 ታትሞ ወጥቷል፤ የቀረው ብራና ሙዚየም ተቀምጦ ነበር። ሰሙ ሲቀልጥ ወርቁ የለም፤ ወርቅ ነበር ከተባለም ለማንኛውም አንባቢ ክፍት በሆነ መደርደሪያ ላይ ነበር።

የማይታዩት አለቆች

ታዲያ ምስጢሩ ባዶ ከሆነ ለምን ያን ያህል ተጠበቀ? ምክንያቱም ባዶነቱ ራሱ ሥራ ይሠራል። ማተርስ ፓሪስ ተቀምጦ «ስውራን አለቆች» ከተባሉ፣ ከሰው በላይ ከሆኑ ፍጡራን ጋር የምገናኘው እኔ ነኝ ይል ነበር። በ1896 ይህንኑ የሚገልጽ መግለጫ አውጥቶ ከአባላቱ የታማኝነት ቃል ጠየቀ። ይህን ሰው በገንዘብ ስትደጉም የኖረችው አኒ ሆርኒማን ነበረች፤ የሻይ ነጋዴ ልጅ ናት፤ የሚስቱም የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጓደኛ ነበረች። ድጎማውን አቋረጠች፤ አመራሩንም ጠየቀች። በዚያው ዓመት መጨረሻ ተባረረች። ስታበላው እህት፣ ስትጠይቀው ከሃዲ!

በየካቲት 1900 ማተርስ የሠራው ደግሞ ይብሳል። ለፍሎረንስ ፋር ደብዳቤ ጻፈ፦ የሽፕሬንገልን ደብዳቤዎች ዌስትኮት ራሱ ፈጥሯቸዋል ወይም አስፈጥሯቸዋል አላት። እውነቱን ማውጣቱ ካሰኛችሁ ዓላማውን አትርሱ። የዌስትኮት ሐረግ ውሸት ከሆነ እውነተኛው ሐረግ የኔ ብቻ ነው ለማለት ነው። አባላቱ ዬትስ ያለበት ኮሚቴ አቋቁመው ማስረጃ ጠየቁ። ማተርስ ኮሚቴውን አላውቀውም አለ፤ ዌስትኮትም የሚረባ መልስ አልሰጠም። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ያልጠየቀውን ጥያቄ ለመጠየቅ የበቁት አለቆቹ ሲጣሉ ብቻ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ቀልድ ይመስላል። ሚያዝያ 1900 ማተርስ ክራውሊን ወደ ሎንዶን ላከ፤ ብላይዝ ሮድ 36 ቁጥር ያለውን የማኅበሩን ክፍል እንዲይዝ። ክራውሊ የስኮትላንድ ቀሚስ ለብሶ፣ ፊቱን በጥቁር ጭንብል ሸፍኖ መጣ። ክፍሉን የሚጠብቁት እነ ዬትስ ከሰማይ መላእክትን፣ ከምድር መናፍስትን እናዝዛለን የሚሉ ሰዎች ናቸው። ምን አደረጉ? ቁልፉን ቀየሩ፤ ፖሊስ ጠሩ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደረሰ። የምር ነገር ሲመጣ ሁለቱም ወገን የተማመነው በሎንዶን ፖሊስ ነው።

ሂሳቡን የከፈሉት

እዚህ ድረስ ሳቅ ነው። ከዚህ በኋላ አያስቅም።

በ1900 ፓሪስ ማተርስ ዘንድ «ሆሮስ» ነን የሚሉ ባልና ሚስት መጡ። ማተርስ ሴትዮዋን መጀመሪያ ሽፕሬንገል ራሷ ናት ብሎ አመነ። ሞታለች የተባለችውን፣ ደብዳቤዋንም ፎርጅድ ነው ያለውን ሴት! ጥንዶቹ የማኅበሩን የሥርዓት ጽሑፎች ከእሱ ወስደው ተሰወሩ። ከዚያ ሎንዶን ገብተው በጽሑፎቹ የራሳቸውን ማኅበር ከፈቱ፤ በጋዜጣ የጋብቻ ማስታወቂያ ጭምር ወጣት ሴቶችን አጠመዱ። ከእነዚያ ሴቶች መካከል ያንኑ ሥርዓት ፈጽማ፣ ያንኑ የመብረቅ መሐላ የማለች ነበረች። በታኅሣሥ 1901 ፍርድ ቤቱ ሰውየውን የ16 ዓመት ልጅ አስገድዶ በመድፈር 15 ዓመት፣ ሴትዮዋን በመተባበር 7 ዓመት ፈረደባቸው። መሐላው በችሎት ተነበበ፤ ጋዜጦች ተሳለቁበት፤ ማኅበሩ ከኀፍረቱ የተነሳ ስሙን ቀየረ፤ በ1903 ተከፋፈለ።

«እነዚያ አጭበርባሪዎች ናቸው፤ ማኅበሩ ምን አጠፋ?» የሚል ይኖራል። ማኅበሩ ልጅቷን አልነካም፤ እውነት ነው። መሣሪያውን ግን የሠራው እሱ ነው። ማንነታቸው የማይጣራ አለቆች፣ ሳያውቁ የሚገቡበት ቃል ኪዳን፣ ለተናገረ የተዘጋጀ ሞት፤ እነዚህን አንድ ላይ ስትገጥሟቸው የሚወጣው ማንም ክፉ ሰው አንስቶ የሚጠቀምበት ዕቃ ነው። ሆሮሶች ማኅበሩን አላጣመሙትም። እንዳለ ነው የተጠቀሙበት።

«ግን እኮ…» ለሚሉ

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል ሳይሆን እውነት ስለሆነ የማኅበሩን በጎ ነገር ልናገር። ጎልደን ዶን ሴቶችን ከወንዶች እኩል ተቀብሏል፤ ያውም እንግሊዛዊት ሴት በፓርላማ ምርጫ ድምፅ መስጠት ከመጀመሯ 30 ዓመት በፊት። የለንደኑን ቤት የመራችው ሴት ናት። ዬትስ በ1923 የኖቤል ሽልማት የተቀበለበት ሥነ ግጥም ያለዚህ ማኅበር ምናብ በሙሉ አይገባም። ግን አንድ ነገር ጠይቁ፦ ከእነዚህ በጎ ነገሮች ውስጥ መሐላ የሚያስፈልገው የትኛው ነው? ሴትን እኩል ለማየት የመብረቅ ማስፈራሪያ ያስፈልጋል? ግጥም ለመጻፍ ፎርጅድ ደብዳቤ ያስፈልጋል? በጎው ሁሉ በአደባባይ ሊሆን ይችል ነበር። ምስጢር የግድ የሚያስፈልገው ለክፉው ብቻ ነበር።

ምስጢር ሁሉ ክፉ ነው አላልኩም። የምርጫ ድምፃችን ምስጢር ነው፤ የሐኪምና የታማሚ ወሬ ምስጢር ነው፤ የሚሳደድ ሰው ተደብቆ መሰብሰቡ መብቱ ነው። ልዩነቱ አንድ ነው። እነዚህ ምስጢሮች ደካማውን ከጉልበተኛው ይጠብቃሉ። የጎልደን ዶን ምስጢር አለቃውን ከአባላቱ ጠበቀ። አቅጣጫውን ስታዩ ዓይነቱን ታውቃላችሁ።

ፈሪውም ከፋይ ነው

አሁን ወደ ካፌው ክርክር እንመለስ። የኢሉሚናቲ ነገር የምር አለው። አዳም ቫይስሃውፕት በ1776 ባቫሪያ ውስጥ፣ ኢንጎልሽታት ከተማ መሠረተው፤ የአገሩ ገዥ በ1784 እና በ1785 አዋጅ አገደው፤ ከዚያ በኋላ ተበተነ። ዋና ወሬው ግን ይሄ ነው፦ ክኒገ የሚባል መኳንንት ማኅበሩን ለማስፋፋት ሲለፋ ቆይቶ «ከፍተኛዎቹ ማዕረጎች የታሉ?» ብሎ ሲወጥር፣ ቫይስሃውፕት ገና አልተጻፉም ብሎ አመነ። የመሰላሉ የላይኛው ደረጃ አልተሠራም ነበር! ሰው ግን እየወጣ ነበር።

ፍርሃትም እንዲሁ ይሸጣል። ፈረንሳዊው ሊዮ ታክሲል ከ1885 ጀምሮ ንስሐ ገባሁ ብሎ፣ ፍሪሜሶኖች ሰይጣን ያመልካሉ የሚል መጽሐፍ ደጋግሞ አሳተመ፤ ከሰይጣን አምላኪዎች ያመለጠች ዲያና ቮን የምትባል ሴትም ፈጠረ። ካህናት አመኑት፤ ምእመናን ገዙት። ሚያዝያ 19 ቀን 1897 ፓሪስ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰብስቦ «ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ ነኝ» አለ። ፈጠራውን ዛሬም እንደ ማስረጃ የሚጠቅስ ሰው አለ።

ስለዚህ የጣት ምልክት እየቆጠረ የሚፈራውም፣ ሊገባ የሚመኘውም አንድ ወረፋ ላይ ናቸው። ሁለቱም «ከመጋረጃው ጀርባ ኃይል አለ» ብለው አምነዋል። በየማኅበራዊ ሚዲያው «የኢሉሚናቲ አባል ሁን፤ ሀብትና ዝና ታገኛለህ፤ የመመዝገቢያ ላክ» የሚለው አጭበርባሪ የሚያርሰው መሬት ያ እምነት ነው። ሥራ ያጣ ወጣት ካርድ ከሚሞላበት ብር ቀንሶ የሚልከው ዓለምን ለሚገዛ ኃይል አይደለም፤ አንድ ስልክ ለያዘ ሌባ ነው።

የማኅበሩ ስም ምንም ይሁን፣ አስማት ይባል ጸሎት፣ የቢዝነስ ስልጠና ይባል ንቅናቄ፣ ከመማላችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። የሚያዘን ሰው ሥልጣኑን ከየት አመጣው፣ ምንጩንስ ሄጄ ማጣራት እችላለሁ? ገንዘቡን ማን ይቆጣጠራል? ከወጣሁ በኋላ ያየሁትን መናገር እችላለሁ? ሦስተኛው ላይ «አይቻልም» ካላችሁ ሁለቱን ለመጠየቅ እንኳን አትድከሙ።

እስራኤል ሪጋርዲ የሚባል ሰው በ1934 ከጎልደን ዶን ቅሪት ማኅበራት ወደ አንዱ ገባ። ያንኑ መሐላ ማለ። አለቆቹ የማያውቁትን ማዕረግ ተሸክመው ዕውቀቱን ሲያበሰብሱት አየ። ወጣና ከ1937 እስከ 1940 የማኅበሩን ሥርዓት በሙሉ በአራት ቅጽ አሳተመው። በመሐላው መሠረት መብረቁ ሊወርድበት ይገባ ነበር።

በ1985 ሞተ። 77 ዓመቱ ነበር።